ግራዝማች ውሮ ሥራ የለቀቀ ዕለት

የተበጠበጠ ዱቄት እሳት ላይ ሲንተከተክ የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙቅ አይደለም፣ ገንፎም አይደለም፤ የሁለቱም ዘመድ ነው፣ ግን አይበላም። ባለፈው ሰሞን ሰንጋ ተራ ካለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ወርጄ ወደ ገበያ ልወጣ ስል ይኸው ሽታ ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። የእድራችን ጸሐፊ ፕላስተር አልቆባት፣ በጣሳ ዱቄት አፍልታ የስብሰባ ጥሪ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። "እንደ ድሮው ነው እንግዲህ፣ እትዬ አስካለ" አለችኝ አፈር እያለች። እኔ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ደረጃ አይወድም። ያን ጊዜ ግን ሰው ባያየኝ ጣቴን ጣሳው ውስጥ ነክሬ በላስኩት ነበር። ገበያው ቀረ። ወደ ሜክሲኮ ወጥቼ የካዛንቺስ ታክሲ ያዝኩ። የድሮ ግቢያችን ቅዳሜ እንደሚፈርስ ሰምቼ፣ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰንብቼ ነበር፤ የረታኝ ዱቄቱ ነው።

እኛ ያደግነው ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በአንድ ግቢ ከተደረደሩ የጭቃ ቤቶች በአንዱ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር፤ ከአቡጀዲው በላይ አይጦች ኳስ ይራገጣሉ፣ ከሥሩ እኛ እንተኛለን። ግድግዳውን የምናለብሰው ጋዜጣ ነው። ያለው ቀለም ይቀባል፣ የሌለው ጋዜጣ ይለጥፋል። ጋዜጣ የተለጠፈበት ቤት ታዲያ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። አዲስ የተለጠፈ ዕለት ቤቱ ቦግ ይላል፤ የዱቄትና የማተሚያ ቀለም ሽታው አፍንጫ ይሞላል። እንግዳ ሲመጣም ማንበብ የሚችለው እያነበበ፣ የማይችለው ሥዕል እያየ ይቀመጣል፤ ጨዋታ አይጠፋም። ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ደረቅ ሲል፣ እማዬና አንድ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በአንድ ቀን ነበር የሚለጥፉት።

ጋዜጣውን በጋራ ይገዙታል፤ አንድ እስር በስሙኒ። ባለ ሱቁ ለስኳርና ለበርበሬ መጠቅለያ ካስቀመጠው ላይ ቀንሶ ይሰጣቸዋል። እንግዲህ ሁለት ሰው አንድ እስር ጋዜጣ ሲካፈል ምን ያደርጋል? ግማሹን እስር አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ይወስዳላ። የኛ እናቶች እንዲያ አላደረጉም። አንዱ ገጽ ሥዕል አለው፣ ሌላው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ "ሥዕሉ ለሷ ደረሳት" የሚል ቅሬታ እንዳይመጣ እያንዳንዷን ቅጠል ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጥቋታል። ግራው ለኛ፣ ቀኙ ለነሱ። ትልቅ ሹም ከሆነ ግማሽ ፊቱ እኛ ጋር፣ ግማሽ ፊቱ እነሱ ጋር ይለጠፋል። ሙሽራም ብትሆን ቬሏ እዚያ፣ አበባዋ እዚህ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ የትም ችሎት አላየሁም፤ ማንም ተበደልኩ ብሎ አያውቅም ነበር።

ግራዝማች ውሮ በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ የሚወጣ ድመት ነው። አራት ሳጥን ሥዕል፣ በየሳጥኑ ሁለት ሦስት ቃል። ሠዓሊው ስሙን አይጽፍም፤ ጥግ ላይ አንዲት የአይጥ ጭራ ስሎ ይተዋል። ውሮ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። መዝገብ ቤት ገብተው ፋይል የሚበሉትን አይጦች እንዲያጠፋ፣ በወር አንድ ኪሎ ሥጋ ተቆርጦለት ተቀጥሯል። ከራባት ያስራል፤ በር ሲገባ ግን ከከራባቱ ሆዱ ይቀድማል። ብልጥም ነው፤ አይጦቹ ያለቁ ቀን ሥጋውም እንደሚያልቅ ገብቶታል። ስለዚህ አንዲት አይጥ አስተርፏል። አለቃው ሲመጣ ወንበር እየገለበጠ ያባርራታል፣ አለቃው ሲወጣ "ደከመሽ እንዴ?" ይላታል። ይህን የፈጠረ ሰው ቢሮ ውሎ የሚያውቅ መሆን አለበት። እኔም በኋላ ሠላሳ ምናምን ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ስንት ግራዝማች ውሮ አየሁ መሰላችሁ! ማዕረግ ሁሉ በቀረበት ጊዜ "ድመቱም እንግዲህ ጓድ ይባል" ብለው የቀለዱ ነበሩ። ለኔ ግን እስካሁን ግራዝማች ነው።

ታዲያ ቅጠሉ ለሁለት ስለሚሰነጠቅ፣ የውሮ መጀመሪያ ሁልጊዜ እኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ መጨረሻው እትዬ ከድጃ ቤት። መጨረሻውን የያዘችው ደግሞ ልጃቸው ዘይነባ ነበረች፤ እኩያዬ፣ ፀጉሯ ሁለት ሹሩባ፣ ሳቋ ግቢውን የሚሞላ። ሁለቱም እናቶች ከበሩ ጥግ ጀምረው ስለሚለጥፉ፣ የኔ ሁለተኛ ውሮ የሷ ሁለተኛ ውሮ ነው ብለን ደመደምን። ማንም አልነገረንም፤ በገዛ እውቀታችን ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳና "ከበሩ ሁለተኛው!" እላለሁ። ያለኝን ሁለት ሥዕል ጮክ ብዬ እነግራታለሁ፣ ከዚያ "ቀጥሎ ምን አለ?" ብዬ ጆሮዬን ጋዜጣው ላይ እለጥፋለሁ። እሷ ትነግረኛለች። ሁለታችንም በየፊናችን አልጋ ላይ ወድቀን እንስቃለን።

ሁልጊዜ እንደ ልብ ይገጥማል ማለቴ አይደለም። አንዴ እኔ ጋር ውሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጨረቃ ያያል፤ ዘይነባ ጋር ደግሞ ሽሮ ድስት ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሯል። "ቆርቆሮው በስብሶ ነዋ የወደቀው!" አለች። ገጠመ። ሌላ ጊዜ እኔ ጋር አለቃው ጥላ ይሸልመዋል፣ እሷ ጋር ውሮ ጋቢ ለብሶ ታሞ ተኝቷል። ይኼኛው አስቸገረን። ሁለት ቀን ተመራምረን፣ ድንገተኛ ደስታ ነው የጣለው ብለን ዘጋነው። ከጋዜጣው ይልቅ ይህ ምርምራችን ይጣፍጠን ነበር።

ካዛንቺስም ራሷ የምትሰማው በቁራጭ ነበር። ፉርኖ ዳቦ አስር ሳንቲም ነው፤ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ሸራ ጫማችንን በቾክ አንጥተን፣ ልንገዛ እንወጣለን። ሰይቼንቶዎቹ ታክሲዎች ሰው ጠቅጥቀው እያጓሩ ያልፋሉ። ሱሪያቸው ከታች የአስፋልቱን አቧራ የሚጠርግ፣ ፀጉራቸው እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ጎረምሶች ቡና ቤቱ በር ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። ከውስጥ ሸክላ ይዘፍናል። የዘፈኑን መጀመሪያ ስንሄድ፣ መጨረሻውን ስንመለስ እንሰማለን፤ መሀሉ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ያልቅብናል። አሁን ልጆቹ መንገድ ላይ ጆሯቸው ውስጥ ጠጠር የምታህል ነገር ወትፈው ሙሉውን ዘፈን ይሰማሉ። ደስ ይበላቸው። እኔ ግን እስካሁን የብዙ ዘፈን መሀሉን አላውቀውም።

ነገሩን ያበላሸው ወንፊት ነው። እማዬ አንድ የሽቦ ወንፊት ነበራት፤ ሲጠፋባት ለእትዬ ከድጃ አውሼአለሁ አለች። እትዬ ከድጃ መልሻለሁ አሉ። ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንዷ "አልመለሽልኝም" ሌላዋ "መልሻለሁ" ተባባሉ፤ ከዚያ ቃል ቃልን እየወለደ ሄደ። ያን ቀን እማዬ "እግርሽ እዚያ ቤት ሲረግጥ እንዳላይ!" አለችኝ። ጋዜጣው ከተለጠፈ ገና ሳምንቱ ነበር፤ አብረን ያላነበብናቸው ውሮዎች ነበሩ። ሄጄ በዓይኔ እንዳላይ ተከልክያለሁ። የቀረን ግድግዳው ብቻ ነው።

ከበሩ አምስተኛው ላይ ጉድ ነበር። በመጀመሪያው ሥዕል ውሮ ብዕር ይዞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ "ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ለቅቄአለሁ" ይላል። በሁለተኛው ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ በዱላ ተሸክሞ ከበር ይወጣል። ውሮ ሊሄድ ነው! ይመለስ ይሆን? አለቃው ይለምነው ይሆን? እማዬ እስክትወጣ ጠብቄ ግድግዳውን አንኳኳሁና ነገርኳት።

"ቀጥሎ ምን አለ?"

ዘይነባ መለሰች። "ከአይጧ ጋር ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል።"

"ዘይነባ አትቀልጂ! ሥራ ለቋል እኮ ነው የምልሽ!"

"አይጧ 'ክቡር ግራዝማች፣ ይቁረሱልኝ' ትለዋለች። ወላሂ!"

"ውሸታም" አልኳት። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ልጅ እንዲህ ይባባላል። እኔ ግን ጨመርኩበት። "እናትሽም ውሸታም ናት። ወንፊታችንን በልታ!"

ከግድግዳው ማዶ ምንም አልተሰማም። በማግስቱ አንኳኳሁ፣ በሠልስቱም አንኳኳሁ። በሁለተኛው ሳምንት አባቷ ቄራ አካባቢ ሱቅ ስላገኙ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ዘይነባ መኪናው ላይ ፍራሹ አናት ተቀምጣ ነበር። በራችን ላይ ቆሜ አየኋት፤ እሷ ወደኔ አልዞረችም። ወንፊቱ ከወር በኋላ ተገኘ። እትዬ ከድጃ ከመለሱት በኋላ እማዬ ለአክስቴ አውሳው ኖሯል፤ አክስቴ እየሳቀች ይዛው መጣች። እማዬ ተቀብላ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ እስክትሞት ድረስ ዱቄት ነፍታበት አታውቅም። እኔም ቄራ ሩቅ አገር ይመስል አንድ ቀን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኩም። አንዴ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አይቻታለሁ፤ ያችው ሳቅ ናት፣ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ተደበቅሁ። ትልቅ ሰው ነበርኩ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቦርሳ የያዝኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ታክሲው ካዛንቺስ አወረደኝ። ገሚሱ ሰፈር ሜዳ ሆኗል፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ሰማዩ በአንድ ጊዜ የሰፋ። ማዶ ማዶ አዲስ መንገድ ተዘርግቶ፣ ገና ክንድ የማይሞሉ ችግኞች ተተክለውበታል። የኛ ግቢ እንደ ቀረች ጥርስ ብቻዋን ቆማለች። ቤታችን ውስጥ አንዲት ወጣት ተከራይ ዕቃዋን በካርቶን ትከታለች፤ ትዕግስት እባላለሁ አለችኝ።

"ማዘር፣ ሰው ፈልገው ነው?"

"የለም የኔ ልጅ። ግድግዳ ፈልጌ ነው።"

ሳቋ አመለጣት። "ዛሬ ደሞ ምንድን ነው? ከጎን ያለው ባዶ ቤትም አንዲት እናት ቢላ ይዘው ገብተዋል፤ ማለቴ፣ እሳቸውም ግድግዳ ነው የምፈልገው ነው ያሉኝ። በቃ ይግቡ፣ ውሃም አለ።"

ልመለስ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ከጭቃው ማዶ ፍቅ ፍቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ልክ እንደ ድሮዎቹ አይጦች። ከትዕግስት ቢላዋ፣ ጨርቅና ለብ ያለ ውሃ ተቀብዬ ከበሩ ጥግ ቆጠርኩ። አምስተኛው። በላዩ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር የቀለም መጽሔት፣ ከመጽሔቱ ሥር የሌላ ዘመን ጋዜጣ፣ ከዚያ ሥር ሌላ። እያረጠብኩ፣ እየጠበቅኩ፣ በቢላዋ ጫፍ እያነሳሁ ወረድኩ። እንደ ሻይ የወየበ ወረቀት መጣ። ከራባት መጣ። ሆድ መጣ። ደብዳቤው፣ ጥቅልሉ፣ በሩ። አገላብጬ በመዳፌ ላይ አስተኛሁት። ከዚያ፣ ካሁን ወዲያ ምን እጠብቃለሁ ብዬ፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ፍቅፍቅታው ቆመ።

"ማን ነዎት?" አለ ከማዶ የአሮጊት ድምፅ።

ስሜን መናገር ነበረብኝ፤ ሌላ ነገር ወጣኝ። "ቀጥሎ ምን አለ?"

መልሱን ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አስኩ?" አለች። "አንቺ ነሽ? ቆይ፣ ቆይ እዚያው፤ መጣሁ!"

ነጠላ ጫማዋን እያንሿከከች፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ እያስተካከለች በሩን ሞልታ ገባች። ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች። ተቃቀፍን ማለት ይቀላል፤ ያደረግነው ግን እርስ በርስ መያያዝ ነበር፣ እንዳንወድቅ። ከዚያ የትዕግስት ፍራሽ ላይ ተቀመጥንና እሷም የያዘችውን ቁራጭ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሣጥን ላይ የተቀመጠ ድመት፣ አጠገቡ አይጥ፣ በመሀላቸው ዳቦ። "ክቡር ግራዝማች፣ ይቁረሱልኝ።" ቃል በቃል።

"አልዋሸሽም ነበር" አልኳት።

"እኔም እኮ ለዚሁ ነው የመጣሁት" አለች ዘይነባ፣ መነጽሯን አውልቃ እየጠረገች። "ስንት ዓመት ራሴን ስጠራጠር ኖርኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈጥሬው ይሆን እላለሁ። ቤቱ ሳይፈርስ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።"

ሁለቱን ቁራጮች አጠገብ ለአጠገብ አስጠጋናቸው። ያኔ ነው ጉዱ የታየን። አይገጥሙም። የኔ ጠርዝ ላይ የተሰነጠቀ ግማሽ በር አለ፤ የሷ ጠርዝ ላይ የተሰነጠቀ ግማሽ ወንበር። ሁለት የተለያየ ቀን ጋዜጣ ነው። ዘይነባ አፏን ይዛ ቆየችና "ወይኔ! ግልባጩ!" አለች። ነገሩ ለኔም ወለል አለልኝ። ጋዜጣ ሁለት ገጽ አለው። እማዬ አንዷን ቅጠል በውሮ በኩል ወደ ውጪ ስትለጥፍ፣ እትዬ ከድጃ የዚያችኑ ግማሽ ገልብጠው ውሮን ወደ ጭቃው ይለጥፉታል፤ እሳቸው ሲያወጡትም እማዬ ትገለብጠዋለች። አምስተኛና አምስተኛ ተገናኝተው አያውቁም። ጣሪያውና ሽሮ ድስቱ፣ ጥላውና ሕመሙ፣ አንዱም የአንዱ አልነበረም። ያን ሁሉ የሳቅንበትን ቀልድ ማንም ሠዓሊ አልሣለውም፤ እኔና እሷ ነን የሠራነው። መጀመሪያ ዘይነባ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፤ ትዕግስት ካርቶኗን ጥላ "ምን ተፈጠረ?" እያለች መጣች። ስናስረዳት ስልኳን አወጣች። "ፎቶ ላንሳውና ኤዲት አድርጌ ላገጣጥመው? ደቂቃ አይፈጅም።"

"ተዪው የኔ ልጅ" አለቻት ዘይነባ።

ሳቁ ሲበርድ የቀረውን ተናገርኩ። "ወንፊቱም ተገኝቷል። እናትሽ መልሰውት ኖሮ፣ የወሰደችው አክስቴ ናት። ቄራ ድረስ መጥቼ መንገር ነበረብኝ። ይቅር በይኝ፣ ዘይነባ። ለሳቸውም፣ ላንቺም።"

ፈገግታዋ ጠፋ። "እማ ይህን ሳትሰማ ነው የሄደችው" አለች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ይመላለሳል። ምንም ብትለኝ ይገባኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ወረቀቶቹን እንደገና አስጠጋችና የኔን አነበበች፣ የራሷን አነበበች፣ ቀና አለች።

"አስኩ፣ እኔና አንቺ ያኔ ደደብ ነበርን። ይኼ እኮ ይገጥማል። ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ከአይጥ ጋር ምን ያጣላዋል?"

እኔም ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ደህና አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። እውነተኛው መጨረሻ በሷ በኩል ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሮ ተለጥፎ መሆን አለበት፤ ልንፈልገው አልሞከርንም። ስንለያይ ማን የትኛውን ይውሰድ የሚል ክርክር ሊነሳ ነበር። በእናቶቻችን ፍርድ ፈረድን፤ ግማሽ ግማሽ። ግን ተለዋወጥን። መጀመሪያውን እሷ ቄራ ወሰደችው፤ መጨረሻውን እኔ ዱቄት አፍልቼ ሰንጋ ተራ፣ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ጣቴንም ልሻለሁ።

ቅዳሜ ቤቱ ፈረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"ውሮ ደብዳቤ ጽፎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ከበር እየወጣ ነው" አለች ዘይነባ፣ ሰላምታም የለ። "ቀጥሎ ምን አለ?"

ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ አየሁ። "ከአይጧ ጋር ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል" አልኳት። "ወላሂ።"

"አምንሻለሁ" አለች።